በቧንቧ ውስጥ የበቀለው ነጭ ድንጋይ

ከእብናት ቁልቁል ወረድ ብላ ሽንብራ ሜዳ የምትባል ቀበሌ አለች። እዚያ ደርሶ «ማሩ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ መንገደኛ «ጉድጓዱን የገደለው ነዋ» የሚል መልስ ያገኛል። ሽማግሌውም፣ ጎረምሳውም፣ በማሩ ውሃ ክርስትና የተነሣው ሕፃን ሳይቀር እንዲያ ነው የሚል። አይ ሰው! ያጠጡትን ረስቶ የደረቀበትን ይቆጥራል። ማሩም ይሰማል፤ አይመልስም። ለምን እንደማይመልስ ሳያውቁ በሰው ላይ መፍረድ ደግሞ ነውር ነውና ነገሩን ከሥሩ መያዝ ይሻላል።

ማሩ በጎረምሳነቱ ሱዳን ነበረ። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአገሩ ጎበዝ ሁሉ በመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ ሲነጉድ እሱም ነጎደ። ፈንታነሽን ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። «አንድ በጋ ሠርቼ፣ በሬ የሚገዛልኝን ይዤ እመለሳለሁ» ብሏት ወጣ። ሰሊጡ ታጭዶ ሲያልቅ ግን አንድ ደላላ ነዳጅ ወደሚወጣበት በረሃ ይዞት ሄደ። እዚያ በርሜል ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረ።

የነዳጅ ጉድጓድ ሲባል እንደ ምንጭ ከተከፈተለት ዝም ብሎ የሚፈስ ይመስላል። ማሩም እንዲያ ይመስለው ነበር። አለቃው ኢድሪስ የሚባል፣ ጢሙ የሸበተ ሱዳናዊ ነበር። አንድ ቀን ከአንድ የሞተ ጉድጓድ የወጣ፣ በመጋዝ የተቆረጠ ቧንቧ አሳየው። ከውጭ ሲያዩት ክንድ ያስገባል። ውስጡን ግን ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ ሞልቶት መሐሉ ላይ ትንሽ ጣት የማታልፍበት ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች።

«ይህን ማን ጠቀጠቀው?» አለ ማሩ።

«ማንም አልጠቀጠቀው። በቀለ» አለ ኢድሪስ። «ሻይ የምታፈላበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይተህ የለም? ነጭ ነገር ይይዛል። ይህም እሱ ነው። ከነዳጁ ጋር ውሃ አብሮ ይወጣል፤ በውሃው ውስጥ ዐይን የማያየው ድንጋይ ሟሙቶ አለ። ከጥልቁ ወደ ላይ ሲወጣ ድንጋዩ ከውሃው ይለይና ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ዛሬ አቧራ ነው፤ ነገ ቅርፊት ነው፤ ቆይቶ ጉድጓዱን ያንቀዋል።»

ማሩ የሚሸከመው በርሜል ለዚህ የተሠራ መድኃኒት ነበር። ፈሳሹ እንደ ጠጅ ቢጫ ነው፤ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ጉድጓዱ ይወርድና ድንጋዩ እርስ በርሱ እንዳይያያዝ ያደርገዋል። ኢድሪስ ደጋግሞ የነገረው አንድ ነገር አለ። «ይህ ጠብታ የተወለደ ድንጋይ አይገድልም። እንዳይወለድ ነው የሚከለክል። ስለዚህ ጠብታው መቋረጥ የለበትም።» ማሩ ይህን ቃል እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘው። ሥራው ጠብታ መጠበቅ ሆነ፤ ለገበሬ ልጅ ሞኝ ሥራ ይመስላል፤ እሱ ግን ወደደው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአገር ቤት የመጣ ሰው መርዶ የመሰለ ወሬ ይዞለት መጣ።

ሽንብራ ሜዳ ያን ጊዜ የምትጠጣው ከጥቁር ውሃ ነበር። ጥቁር ውሃ ገደል ግርጌ ያለች ወንዝ ነች፤ መንገዷ አህያ የማይደፍረው አለት ነው። ሴቶቹ እንስራ አዝለው፣ በእጃቸው ቋጥኝ እየጨበጡ ነው የሚወጡት። ፈንታነሽ እንደዚያው ስትወጣ አዳለጣት። ማሩ ሲወጣ የያዘችው ጽንስ በሆዷ ነበረ። ጽንሱ ወረደ፤ የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ፤ ወጌሻ ቢያሸው ቢጠግነው እንደ ጥንቱ አልሆን አለ። ከዚያ ወዲያ ፀንሳም አታውቅ።

ማሩ ወሬውን እንደ ሰማ በርሜሉን አስቀምጦ ተነሣ። ቤቱ ሲደርስ ፈንታነሽ የለችም። ወደ ገደሉ ቢሄድ በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በጀርባዋ እንስራ ይዛ፣ ጎረቤቷ ዓለሚቱ ከኋላ እየደገፈቻት ስትወጣ አገኛት። ምን ታድርግ? የምትልከው ሴት ልጅ የላት። እንስራውን ከጀርባዋ ተቀበለና እዚያው አፋፉ ላይ ተቀምጦ እንደ ሴት አለቀሰ። እንደ ሴት አለቀሰ ይባላል እንጂ ሴቶቹስ አላለቀሱም፤ ውሃቸውን ተሸክመው በአጠገቡ አለፉ።

«ሁለተኛ እዚህ ገደል አትወርጂም» አላት። «ማርያምን፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አትወርጂም።»

«ታዲያ ምን ልንጠጣ ነው?» አለች።

በዚያ አገር ወንድ ልጅ ውሃ ሲቀዳ ከታየ መሳቂያ ነው። ማሩ ግን ጄሪካን በገመድ አዝሎ፣ ሴቶቹ ሳይነሡ ወርዶ ሴቶቹ ሲነሡ ይመለስ ጀመር። ያም ቢሆን ታወቀበት። «ማሩ ውሃ ቀጂዋ» የሚል ስም ወጣለት። እሱም ስሙን ዋጥ አድርጎ ኖረ።

ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት እግዜር ዞር ብሎ አየው። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት መጥቶ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሥር ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። ውሃው የወጣው ደግሞ በዐሥራ ስድስት፣ በራሷ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። ዕልልታው አገሩን አናወጠው። ጄኔሬተርና ፓምፕ ተተከለ፤ ከታች ቦኖ ተሠራ። ሞተር የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ በሱዳን በረሃ ከሞተር ጋር ከከረመው ከማሩ በቀር ማን አለ? እሱ ሞተር አስነሺ ሆነ፤ ፈንታነሽ ደግሞ ቦኖ ጠባቂ ሆነች። ዳሌዋ የማይፈቅድላትን ሥራ ሁሉ ትታ ቀኑን ሙሉ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጣ ቧንቧ መክፈትና መዝጋት ነበር ሥራዋ። በወረፋ የሚፋጁትን ትገላግላለች፤ ከሚስቀው ጋር ትስቃለች። ማሩ በዕድሜው ጠገብሁ ያለው ያን ጊዜ ነው።

ሲያልቅ አያምር ይሉ የለ። ከጊዜ በኋላ የቦኖው አፍ ላይ ነጭ ነገር ይይዝ ጀመር። ማሩ በጣቱ ነካ አደረገውና ያ በሱዳን ያየው የተቆረጠ ቧንቧ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ዓለሚቱ ግን ያንኑ ነጭ ነገር አይታ ተንበረከከች።

ለምን ተንበረከከች? በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከኪዳነ ምሕረት ሥር የወጣ ውሃ ነጭ ዱቄት ካመጣ እመት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እመት ማለት ሕመምተኛ የሚቀባው፣ ከተቀደሰ ቦታ የሚወሰድ አፈር ወይም አመድ ነው። ወሬው ባንድ ቀን ቀበሌውን አዳረሰ። ሴቶቹ በማንኪያ፣ በማጭድ ጫፍ፣ በጥፍራቸውም እየፋቁ በቅል ያስቀምጡት ጀመር። ራስ ላመመው ግንባሩን፣ ቁርጥማት ለያዘው ጉልበቱን። ፈንታነሽም በውሃ ለውሳ ዳሌዋን ተቀባችው። ሕመሙ ተዋትም። እውነት ተዋት፤ ምርኩዟን ቤት ትታ ቤተ ክርስቲያን ሳመች። ማሩ ያን ዕለት ደስታውን የት ያድርገው? ሆዱ ግን «ያ ድንጋይ ነው፣ ያ ድንጋይ ነው» ይለዋል።

ነገሩ ሲከነክነው ወደ መሪጌታ ገብረኪዳን ሄደ። መሪጌታ በደብሩ ድጓ የሚያስተምሩ፣ ዐይናቸው ደከም ያለ ሽማግሌ ናቸው።

«የኔታ፣ ይህ ነገር እመት ነው ይላሉ?» አላቸው።

«እመት ከመቅደስ ነው የሚወጣ ልጄ፣ ከቧንቧ አይደለም። በዐውደ ምሕረትም ተናግሬዋለሁ።»

«ታዲያ አጥብቀው አይከለክሏቸውም?»

«ምን ብዬ ልከልክል?» አሉ መሪጌታ። «ሚስትህ ምርኩዟን ጥላ ስትሄድ እያዩ ‹አልዳነችም› ልበላቸው? አንተስ ለእሷ ንገራት እስቲ።»

ማሩ አልነገራትም። የመጀመሪያው ዝምታው ያ ነበር።

ከደብረ ታቦር ጉድጓዶቹን እየዞረ የሚያይ ሲሳይ የሚባል የውሃ ባለሙያ ነበር። ቅን ልጅ ነው። ማሩ ነጩን ነገር ቢያሳየው ወዲያው ገባው። «እዚህ መሬት ያለው ውሃ ኖራ ይበዛበታል አያ ማሩ። ዝም ካሉት ፓምፑንም ቧንቧውንም ያንቀዋል። ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ፣ ሰው የማይጎዳ መድኃኒት አለ፤ ጠይቄ አስመጣለሁ» አለው። ቃሉንም አላጠፈም። ጊዜ ቢወስድም ሁለት በርሜል ይዞ መጣ። እሱና ማሩ አንድ ባልዲ ከጉድጓዱ አፍ በላይ ሰቀሉ፤ ከባልዲው ቀጭን ቱቦ አወረዱ። ከበርሜሉ አንድ ሲኒ በባልዲ ውሃ እየተበረዘ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ማሩ ጠብታውን ሲያይ ኢድሪስን ያየ ያህል ናፍቆት ተሰማው።

ብዙም ሳይቆይ የቦኖው አፍ ነጣ ማለቱን ተወ። ሴቶቹ ማንኪያቸውን ይዘው መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ፊታቸው ጠቆረ። «በረከቱን አባረረው» ተባለ። «መርዝ እያጠጣን ነው» ያለም አልጠፋ። እንደ ክፉ አጋጣሚ ክረምቱ ገባና የፈንታነሽ ዳሌ ተመልሶ ጠዘጠዛት። ክረምት ሲገባ የተሰበረ አጥንት ሁሉ ይጠዘጥዛል፤ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ይሁን እንጂ ሰው የሚያውቀውን ሳይሆን የሚፈልገውን ነው የሚያምን።

«ማሩ፣ ይህን ነገር ተወው» አለችው።

«አልተወውም። ጉድጓዱ ይሞታል።»

«እኔስ? ሌሊቱን እንቅልፍ የለኝም እኮ።»

«ጉድጓዱ ከሞተ ገደሉ ነው የሚጠብቅሽ ፈንታነሽ። ለማን ብዬ ነው የምደክመው? ላንቺ አይደለም እንዴ?»

ፈንታነሽ ምርኩዟን ከማእዘኑ አንሥታ እያነከሰች ወጣች። ከቀናት በኋላ ግን ፊቷ ፈታ ብሎ መጣች። «ቀኑን ሙሉ እዚያው አይደል የምውል» አለችው። «ባልዲውን እኔ ልሙላልህ፤ አንተ ማሳህን አረም እየዋጠው ነው።» ማሩ በጣም ደስ አለው። አንድ ሲኒ ከበርሜሉ፣ የቀረውን ውሃ፤ አሳያት። ባልና ሚስት በአንድ ነገር ሲስማሙ እንዴት ያለ ነገር ነው! ሰውየው የዚያን ቀን ጤፉን ሲያርም ሲያንጎራጉር ዋለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ማሩ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ማሳው ይሄዳል፤ ሲመለስ በጉድጓዱ በኩል ያልፋል። ጠብታው ጠብ ጠብ ይላል። የቦኖው አፍ ንጹሕ ነው፤ ነጭ የሚባል የለበትም። «ተመስገን» ብሎ ይገባል። የፈንታነሽንም የዳሌዋ ሕመም ተመልሶ ተዋት። ማሩ ይህንንም በጋው አሻላት ብሎ አመሰገነ።

እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው እንግዲህ። አንድ ጥቅምት ላይ የሞተሩ ድምፅ ከበደ። ጄሪካን በቶሎ የሚሞላው ቧንቧ እየቀጠነ መጣ። ወረፋው ረዘመ፤ ጠቡ በዛ። ማሩ ውሃው ወደ ታች ሸሽቶ ይሆናል ብሎ አሰበ። ቧንቧው ይዘጋል ብሎ አላሰበም፤ ጠብታውን በዐይኑ እያየ እንዴት ያስብ? በኅዳር ጭራሽ ቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ የለም።

ሲሳይ ሰዎችና የብረት ማንሻ ይዞ መጣ። የቀበሌው ወንድ ሁሉ ገመድ ሊስብ ተሰበሰበ። ቧንቧው እንደ ሥር ሙጭጭ ብሎ እንቢ አለ፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ አለ፤ ከዚያም ውስጥ ለውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማ። የላይኛው ቧንቧ ቀለለና ወጣ። የታችኛው ከነፓምፑ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ።

ሲሳይ ኮፍያውን አወለቀ። «አበቃ አያ ማሩ» አለ። «ፓምፑ ቀዳዳውን ወትፎታል። እሱን የሚያወጣ መሣሪያ እኛ ዘንድ የለም።»

«ሌላ ጉድጓድስ?»

«አልዋሽዎትም። ድርጅቱ ከአገር ወጥቷል። እኛ ጋ ወረፋ የሚጠብቁት ቀበሌዎች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ጸጥታ ደግሞ ቆፋሪ መኪና ወደዚህ አገር የሚገባበት ጊዜ አይደለም።»

ማሩ ጎንበስ ብሎ የወጣውን ቧንቧ ውስጥ አየ። ነጭ ነው። ዙሪያውን ሞልቶ፣ ተጠቅጥቆ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ጣት የማታልፍበት ቀዳዳ ቀርቷል። ኢድሪስ ያሳየው ያው ራሱ።

ዓለሚቱም አየችው። እሷ ግን እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «እመቱ እኮ ሙሉውን እዚህ ነው ያለ» አለች። አንዲቱ እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። ሴቱ ወንዱ ቧንቧው ላይ ሰፈረ። በመዶሻ፣ በመጥረቢያ መቀጥቀጫ፣ በድንጋይ ይመቱታል፤ ነጩ እየተሰበረ ይወድቃል፤ በነጠላ ጫፍ፣ በጋቢ፣ በባርኔጣ ይታፈሳል። ውሃቸው የሞተበት ቀን ነው፤ እነሱ ሠርግ ላይ ያሉ ይመስላሉ። ፈንታነሽም መሐላቸው ነበረች። ትልቁን ቁራጭ አግኝታ በነጠላዋ ቋጠረችው።

ዕልልታው ሲበርድ ነው ሰው ጥሙን ያስታወሰ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ማሩ ዞረ። «ያንን መርዝ ያንጠባጠበው እሱ ነው። እመቤታችን ተቀይማ ዘጋችው» ተባለ። መሪጌታ ገብረኪዳን «ኧረ ተዉ፣ በሰው አትፍረዱ» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ማሩ ራሱ ሊያምን ምንም አልቀረውም። ወይ ኢድሪስ ዋሽቶኛል፣ ወይ ልኩን አዛብቼዋለሁ ብሎ አሰበ።

ሲሳይ የተረፈ መድኃኒት ካለ ለሌላ ጉድጓድ ልውሰደው ሲለው ማሩ ወደ ሞተር ቤቱ ገባ። ባልዲውን ለፈንታነሽ ካስረከበ ወዲህ በርሜል ከፍቶ አያውቅም፤ የመጀመሪያው መቼም አልቋል ብሎ፣ ሁለተኛውን ለማውጣት ያን ባዶ የመሰለውን ሊገፋ እጁን ጣለበት። በርሜሉ ንቅንቅ አላለም። ክዳኑን ከፈተ። ፈሳሹ ቢጫ እንደ ጠጅ፣ ከአፉ ስንዝር እንኳ አልጎደለም። የሁለተኛው እሽግ ጭራሽ አልተቀደደም። የዚያ ሁሉ ዓመት ጠብታ እዚያው ተቀምጧል።

በርሜሉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፈንታነሽ የቋጠረችውን ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ፈንታነሽ፣ ባልዲው ውስጥ ምን ነበር የምትጨምሪ?»

«ውሃ» አለች። አልሸሸገችም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካስረከብኸኝ ቀን።»

«የቦኖው አፍ ግን ንጹሕ ነበር። እኔ በየቀኑ አየው የለም እንዴ?»

«ጠዋት ጠዋት እኔና ዓለሚቱ ፍቀን እንወስደዋለን። አንተ ስታይ እንዳታዝን ብዬ ነው። ለሷም ሆነ ለሌሎቹ የባልዲውን ነገር አልነገርኋቸውም፤ ባሌን አስንቄ ምን እጠቀማለሁ?» ጠጋ ብላ በእጇ ትከሻውን ነካችው። «አትቆጣኝ ማሩ። ያን መርዝ ያስቆምሁት አንተንም እኔንም ለማትረፍ ነው። እመ ብርሃን ገና ያኔ ተቀይማ ነበር። እኔ ባላስቆመው ኖሮ ገና ድሮ ይደርቅ ነበር። ይህን ያህል ዓመት ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

ማሩ ቀና ብሎ አያት። ቀልዷን አልነበረም። ዐይኖቿ ውስጥ ኩራት ነበረ፤ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ያላየባት ኩራት። አፉን ከፈተ። አንቺ ነሽ የገደልሽው ሊላት ነው። ልጇን ገደል በላው፤ ዳሌዋን ገደል በላው። አሁን ደግሞ የአገሩን ውሃ በገዛ እጅሽ ገደልሽ፣ የዳንሽበትም እመት ሳይሆን የማንቆርቆሪያ ቅርፊት ነው ቢላት ምን ይተርፋታል? አፉን መልሶ ዘጋ። ሆድ ይፍጀው አለ።

ሲሳይ በሩ ላይ መጥቶ ሙሉውን በርሜል አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። «መድኃኒቱ አልተጨመረም እንዴ አያ ማሩ?»

«አልጨመርሁትም» አለ ማሩ። «ሰንፌ ነው።»

ልጁ ክፉ አልተናገረውም። ራሱን ነቅንቆ ወጣ፤ ያ ከስድብ ይብስ ነበር። እንግዲህ ባለሙያው ባለመጨመሩ፣ አገሬው በመጨመሩ ፈረደበት። በአንድ ራስ ላይ ሁለት የማይገናኙ በደሎች ተጫኑና ሰውየው ሁለቱንም ተሸክሞ ወደ ቤቱ ገባ።

ማሩ ጄሪካኑን አውርዶ ገመዱን አሰረ፤ እንደ ጥንቱ ወደ ጥቁር ውሃ ይወርድ ጀመር። ጉልበቱ ግን የጥንቱ አይደለም፤ ድሮ ሁለት ጊዜ ብቻ ያርፍበት የነበረውን አለት አሁን በየእርምጃው ያርፍበታል። ሴቶቹ ይቀድሙታል። «መርዙን አንጠባጥቦ፣ አሁን ደግሞ ከኛ ጋር ወረፋ ይጋፋል» ትላለች አንዷ። «ውሃ ቀጂዋ» የሚለው ስም ከተቀበረበት ተነሣ። እሱ ሁሉንም ዋጠው። አንድ ነገር ብቻ በሕይወቱ አልተሸነፈም፤ ፈንታነሽ ገደሉን አልወረደችም። ይህችን ይዞ ኖረ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ጄሪካኑን ቢፈልግ አጣው። በሩ ላይ ፈንታነሽ ጄሪካኑን በጀርባዋ አዝላ ገመዱን ደረቷ ላይ ታስራለች። ቀሚሷ ላይ፣ ዳሌዋ አካባቢ የነጩ ድንጋይ ልውስ ደርቆ ይታያል።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ጥቁር ውሃ።»

«ያኔ ምን አልሁሽ? ማርያምን ብዬ ምዬ የለም?»

«ያኔ አንካሳ ነበርሁ» አለች እየሳቀች። «አሁን ድኛለሁ እኮ። እመቱ ሞልቶ ተርፎኛል፤ ማታም ጠዋትም እቀባዋለሁ። ባሌ ገደል ለገደል ሲሳቅበት ቁጭ ብዬ አላይም። አንተ እስከ ዛሬ ቀዳህልኝ፤ ተራው የኔ ነው።»

ማሩ በሩን ይዞ ቆመ። «ድንጋይ ነው።» አንዲት ቃል ነች። ይህችን ቃል ቢላት ምርኩዟን ታነሣለች፣ ጄሪካኑን ታወርዳለች፣ ቤት ትቀመጣለች። ነገር ግን ከዚህች ቃል ኋላ ሌላይቱ ተከትላ ትመጣለች፤ ታዲያ ጉድጓዱን ማን ገደለው ብላ ትጠይቃለች። ያንን ማን ይመልስላት? ከበሩ ፈቀቅ አለላት። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለ ሰው ያን ገደል አላየውም። ዝም ያላት እንዳትሰበርበት ነበር፤ ዝም በማለቱ ይኸው ራሷ ተነሥታ ወረደች። ማሩ ይህ ሲገባው ዘግይቶ ነበር። ተከትሏት ሮጠ፤ አፋፉ ጋ ሲደርስ እሷ ገደሉን ጀምራዋለች። በአንድ እጇ ቋጥኝ ትጨብጣለች፣ ሌላው እጇ ዳሌዋ ላይ ነው። ጄሪካኑ ጀርባዋ ላይ ይወዛወዛል። ሊጠራት አሰበና ፈራ፤ ድንገት ድምፅ ሰምታ ዞር ብትል አለቱ ያዳልጣል። አፉን በእጁ ይዞ እዚያው ቁጭ አለ።

ያን ቀን ወጣች። በማግሥቱም ወረደች። ዛሬም ትወርዳለች። ማሩም ጠዋት ጠዋት እዚያው አፋፍ ላይ፣ ድሮ እንስራዋን ተቀብሎ ባለቀሰበት ቦታ ተቀምጦ ይታያል። ሴቶቹ በአጠገቡ ሲያልፉ «ጉድጓዱን ገድሎ ሚስቱን ገደል ይሰዳል» ይባባላሉ። እሱ አይሰማቸውም። ዐይኑ ከመንገዱ ላይ አይነሣም፤ የመጣችው እሷ መሆኗን እስኪያይ የሚወጡትን ሴቶች ይቆጥራል፣ ካየ በኋላም ለነገ መፍራት ይጀምራል።